የሙዝ ዋጋ፣ ጸጉራም ስኒና የባጃጅ ግመል

የአንባቢያን ጥያቄ
መልስ የሚሰጠው፦ የከዚራው ታፔላ ጸሐፊ

በዚህ አምድ ስለሚላጥ ቀለም፣ ስለሚያልበው ግድግዳና ስለ ጂፕሰም ስመልስ ነው የከረምኩት። በዚህ ወር የመጡት ሦስት ደብዳቤዎች ግን ተመካክረው የተጻፉ ይመስል ሁሉም ስለ ቀልደኛ ዕቃ ናቸው። ስለዚህ ግድግዳው አንድ ወር ያልበው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ሐረር ጁገል ውስጥ ተወልጄ ያደግሁ የ23 ዓመት ልጅ ነኝ። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ እስካገኝ መኪና ግርግር ላይ ከአክስቴ ጋር ልብስ እሰፋለሁ። ማታ ማታ ግን ስልኬ ላይ ሌላ ዓለም ውስጥ ነኝ። ዕቃ ሲሉት ዕቃ ያልሆነ፣ የሚያስቅም የሚያስገርምም ሥራ ሳይ እንቅልፌ ይጠፋል። አንድ ሙዝ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ 6.2 ሚሊዮን ዶላር መሸጡን ለቤተሰብ ባሳይ፣ ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ሙዝ በበላ ቁጥር "ሚሊዮን ዋጥኩ" እያለ መሳቂያ አድርጎኛል። እውነት ያ ሙዝ ጥበብ ነው? ደግሞስ አዲስ አበባ ሳልሄድ፣ ጥሩውን ሥራ ከተራው ለይቼ የማገኘው እንዴት ነው? አክስቴ "ካርድ ታባክኛለሽ" ትላለች።
የመኪና ግርግሯ፣ ከሐረር

መልስ፦ አንቺ ልጅ፣ ይህን "እንደምን ከርመዋል" የሚሉትን ነገር ደንገጎ ላይ አራግፈሽው ነይ። እዚህ ድሬ ልጅ አያቱን "አንተ" ይላል፤ አያትየውም ደስ ብሎት ይሰማል። "አንቱ" ሲሉኝ የታመምኩ ይመስለኛል።

ሙዙን እናስቀድመው። የሥራው ፈጣሪ ጣልያናዊው ማውሪዚዮ ካቴላን ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ማያሚ በተደረገ የጥበብ ገበያ ላይ ሙዙን በግራጫ ፕላስተር ግድግዳ ላይ ለጥፎ አቀረበው፤ መነሻ ዋጋው 120 ሺህ ዶላር ነበር። ገዢው የሚረከበው ሙዙን እንዳይመስልሽ። የሚሰጠው የምስክር ወረቀትና ሙዙ እንዴት፣ በምን ከፍታ እንደሚለጠፍ የሚያስረዳ መመሪያ ነው። ሲጠቁር ሌላ ሙዝ ገዝተሽ ትለጥፊያለሽ። ወንድምሽ የሚቀልድበት 6.2 ሚሊዮን የመጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024፣ ኒውዮርክ ላይ በሶዝቢስ ጨረታ ነው። የገዛው የክሪፕቶ ነጋዴው ጀስቲን ሰን ሆንግ ኮንግ ላይ ጋዜጠኞች ሰብስቦ ልጦ በላው። ለጨረታው የቀረበውን ሙዝ ደግሞ አንድ ሽማግሌ የመንገድ ፍራፍሬ ሻጭ ነበር በ35 የአሜሪካ ሳንቲም የሸጠው፤ ጋዜጠኛ ሄዶ ዋጋውን ሲነግረው አለቀሰ። ከታሪኩ ሁሉ እኔን የማይለቀኝ ይህ ሽማግሌ ነው።

ጥበብ ነው ወይ ላልሽው፣ እኔ የምመዝነው በእንቆቅልሽ ነው። ልጅ ሆነን በጨረቃ ተቀምጠን "እንቆቅልሽ" "ምን አውቅልህ" ስንባባል፣ መልሱ የጠፋው "አገር ስጠኝ" ይባል የለም? ሐረርን ሰጥቶ፣ እምቢ ሲሉት ጅጅጋን ጨምሮ፣ በመጨረሻ መልሱን ይሰማል። ጥሩ እንቆቅልሽ መልሱ ከታወቀ በኋላም አይሞትም፤ ነገ ለሌላ ልጅ ለመጠየቅ ያሯሩጥሻል። መጥፎው ግን መልሱ ሲነገር "ኤጭ!" ያሰኛል፤ አገርሽን በከንቱ እንደሰጠሽ ይገባሻል። የካቴላን ሙዝ የሚጠይቀው "ዋጋ ከየት ይመጣል?" ነው። ደህና ጥያቄ ነው። ነገር ግን ወንድምሽን ስለ ሙዙ ስትነግሪው 6.2 ሚሊዮኑን አውጥተሽ ሞክሪ፤ በእጅሽ የሚቀረው ሙዝ ብቻ ነው። እኔን አንድ ጊዜ አስቆኛል፤ ሁለተኛ ልየው አላሰኘኝም። ካቴላን ከእንቆቅልሹ ይልቅ አገር በማስሰጠቱ ይበልጣል።

አሁን ሌላ እንቆቅልሽ ልስጥሽ። እ.ኤ.አ. በ1942 ፓሪስ በጀርመን ጦር ተይዛ በነበረችበት ጊዜ ፒካሶ የአሮጌ ብስክሌት መቀመጫና መሪ አገጣጠመ። መቀመጫው ፊት ሆነ፣ መሪው ቀንድ፤ የበሬ ራስ ወጣው። አንድም ነገር አልጠረበም፣ አልቀረጸም። መልሱን ነግሬሻለሁ፤ እስቲ አሁን ስዕሉን ፈልገሽ እዪው። ዓይንሽ በሬ ይላል፣ ብስክሌት ይላል፣ ተመልሶ በሬ ይላል። አይቆምም። እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው ያየሁት። አባቴ የሼመንደፈር፣ የባቡሩ፣ ጥገና ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ ከቢሮ የሚጣሉ የፈረንሳይኛ መጽሔቶችን ለከሰል ማቀጣጠያ ያመጣልን ነበር። ያቺን ገጽ ከእናቴ እጅ ቀምቼ አዳንኳት፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ ያየሁት ብስክሌት ሁሉ ሊወጋኝ የሚመጣ ነበር የሚመስለኝ።

መዘዙ ግን በኋላ መጣ። በ1984 ዓ.ም. መጋላ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ታፔላ አሠራኝ። "ልብስ ሰፊ" ብዬ ስጽፍ የ"ሰ"ን ሁለት እግሮች የተከፈተ መቀስ ስለት አደረግኳቸው፤ የጣት ማስገቢያዎቹ ወደ ላይ። እኔ ራሴን ፒካሶ አድርጌያለሁ! ሰውየው ታፔላው ሥር ቆሞ "ልብስ... ፊ። ልብስ... ፊ። አንተ፣ 'ሰ'ዬን የት ወሰድክብኝ?" አለኝ። "መቀሱ እኮ ነው" ብለው "መቀስማ እኔም አለኝ፤ ፊደል ነው ያዘዝኩህ" ብሎ በሁለተኛው ቀን አስወረደው፤ የቆርቆሮውንም ዋጋ አልከፈለኝም። በሁለቱ ቀን ውስጥ ግን የሰፈሩ ልጆች ሰውየውን "ፊ" ብለው ሰይመውት ኖሮ፣ ነፍሱን ይማርና እስከ መጨረሻው "ፊ" እንደተባለ ኖረ። ያኔ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳስበው ልክ ነው። ታፔላ አስቀድሞ ይነበባል፤ ቀልዱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። የ"ሰ"ን አናት ሳልነካ እግሩን ብቻ መቀስ ባደርገው ኖሮ ፊደሉም ይነበብ፣ እኔም ይከፈለኝ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ የተማርኩትን ልንገርሽ። የሚቀልዱ ዕቃዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሥራውን ትቶ የሚቀልድ ነው። ሜሬት ኦፐንሃይም የምትባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ1936፣ ፓሪስ ካፌ ውስጥ ከፒካሶና ከፎቶ አንሺዋ ዶራ ማር ጋር ስትጫወት ከተነሳ ወሬ ተነስታ ስኒ፣ ማስቀመጫውንና ማንኪያውን የሚዳቋ ቆዳ ከነጸጉሩ አልብሳ ሠራች። ዛሬ ኒውዮርክ በዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ስዕሉን ስታዪ እርጥብ ጸጉር ምላስሽ ላይ ይሰማሻል፤ በዚያ ስኒ ቡና የሚጠጣ የለም፤ ቀልዱም እዚያው ላይ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሥራውን እየሠራ የሚቀልድ ነው። እኔ የምወደው ይህን ነው፤ የሚከብደውም ይኸው ነው። የዚህ ዓይነቱ ደግሞ አንቺ ያለሽበት ከተማ ሞልቷል።

ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ የምትገቢበትን መንገድ፣ መኪና ግርግርን፣ እዪው። ስሙን ማንም ባለሥልጣን አላወጣለትም፤ የስፌት መኪናው ራሱ ነው "ግርግር" እያለ የተናገረው። በድምፁ የሚጠራ መንገድ! ዓይን የማያይ ሰው እንኳ ታፔላውን ያነበዋል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ እንዲህ ያለ ታፔላ ጽፌ አላውቅም። የእርቅ መንገድ የሚሏትንም ጠባብ መተላለፊያ አስቢያት፤ ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ከተገናኙባት ሳይነካኩ፣ ሳይነጋገሩ ማለፍ የማይችሉባት ናት ይባላል። ግንቡ ሽማግሌ ሆኖ ያስታርቃል። ከሐረሪ ቤት በር በላይ ተጠቅሎ የሚሰቀለው ምንጣፍም እንደሚባለው ለወግ ማዕረግ የደረሰች ልጅ እዚህ አለች የሚል ማስታወቂያ ነው፤ አንድ ፊደል ሳይጻፍበት ስንቱን ሽማግሌ ልኳል! በአማት ስም የሚጠራውን ትልቁን ሰፌድ "ሐማት ሞት" ትሉታላችሁ፤ "ሞት" በእናንተ ሰፌድ ማለት ነው። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው በአማርኛ ጆሮዬ ሰምቼ ለቅሶ ልደርስ ጋቢዬን ፈልጌያለሁ።

ሰማያዊና ነጭ የተቀባው ፔጆ 404 ታክሲያችሁስ? መልኩን የነደፈው የጣልያኑ ፒኒንፋሪና ነው፤ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960። ከኋላው ክንፍ የመሰሉ ሁለት ሹል ጫፎች አሉት። አንድ ጆንያ ሽንኩርት፣ ሁለት አሮጊትና አንድ ፍየል ጭኖ ክንፍ ማውጣት የሚችል መኪና ከሐረር ሌላ የት ይገኛል?

ካርድ ስለማባከኑ። አክስትሽ ልክ የምትሆነው ዝም ብለሽ ወደ ታች እየገፋሽ የመጣልሽን የምታዪ ከሆነ ነው። እኔ የማደርገው ሌላ ነው፤ ከቤቴ አንድ ዕቃ አነሳና "በዚህ የተጫወተ ማነው?" ብዬ እፈልጋለሁ። ከአክስትሽ እግር ሥር እንጀምር። አዝራርና ክር አለ አይደል? የአዲስ አበባው ኤልያስ ስሜ በክርና በአዝራር ሸራ እየሰፋ ነው የሠራው፤ በኋላም ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገዛቸውን የኮምፒውተር ሰሌዳዎችና የኤሌክትሪክ ሽቦዎች እየጠለፈ ከሩቅ እርሻ፣ ከቅርብ የዓሣ ቅርፊት የሚመስሉ ትልልቅ ሰሌዳዎች ሠርቷል። አንቺ ባለሙያ ስለሆንሽ ሰዎች የማያዩትን ታያለሽ፤ ስፌቱን። አንድ ቀን አዲስ አበባ ከሄድሽ ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ የመሠረቱትን ዞማ ሙዚየም እዪ። የጭቃው ግድግዳ ራሱ እንደ ጥልፍ የተሠራ ነው፤ እኔ ከውስጥ ካለው ይልቅ ግድግዳው ላይ ቆሜ ነው የቀረሁት።

ቆርኪስ? አንዱ ሽቅብ፣ አንዱ ቁልቁል ሆኖ ካርቶን ላይ ዳማ ስንጫወትበት ያደግነው ቆርኪ። ጋናዊው ኤል አናትሱይ ናይጄሪያ ንሱካ ሆኖ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳኖችን እየጠፈጠፈና እያጠፈ በመዳብ ሽቦ ያያይዛቸዋል፤ አንድ ሙሉ ግድግዳ የሚሸፍን፣ ከሩቅ ወርቅና ሐር የሚመስል ጨርቅ ይሆናል። ደስ የሚለኝ ደግሞ እንዴት እንደሚሰቀል አይወስንም፤ ሰቃዮቹ እንደ ነጠላ እንደፈለጉ ያጣፉታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የቬኒስ ቢየናሌ የሚባለው ትልቅ የጥበብ ትርኢት ለዕድሜ ልክ ሥራው ወርቃማ አንበሳ ሸልሞታል። እንቆቅልሹን እዪው፤ ብረት ነው፣ ጨርቅ ነው፣ ብረት ነው።

የውኃ ወረፋ ላይ የምትሰለፍ ጀሪካንሽን ገልብጠሽ እዪያት፤ እጀታዋ አፍንጫ፣ አፏ አፍ ነው። የቤኒኑ ሮሙዋል ሃዙሜ ከናይጄሪያ በድብቅ ቤንዚን በሚመላለስባቸው ጀሪካኖች ጭምብል ይሠራል። እንደ ሰው የተለያየ ፊት አላቸው፤ አንዷ የተቆጣች አክስት፣ አንዱ ያኮረፈ ዘበኛ። ኬንያዊው ሳይረስ ካቢሩ ደግሞ ከሽቦና ከወዳደቀ ቁሳቁስ መነጽር ይሠራል። በልጅነቱ መነጽር አማረኝ ሲል አባቱ "ከፈለግህ ራስህ ሥራ" እንዳሉት ይናገራል። እኔ አባቴ እንዲህ ያለኝን ሁሉ እስከ ዛሬ አልሠራሁትም።

በየቀኑ ትንሽ ነገር ከፈለግሽ ጃፓናዊውን ታትሱያ ታናካን ተከተይ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በየቀኑ አንድ ፎቶ ያወጣል፤ የጥፍር ያህል ሰዎችን ከተራ ዕቃ አጠገብ ያቆማል። የብሮኮሊ ቅርንጫፍ ዛፍ ይሆንና ሥሩ ሰው ይተኛል። እነዚህን ስሞች ስትፈልጊ በፈረንጅ ፊደል ጻፊያቸው፤ ስዕሎቹ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርደሽ ቤት ብታዪ ካርድሽ አይነካም። ከዚያ የራስሽን ሞክሪ። እስቲ ዚፕ ተከፍቶ ሲዘረጋ የባቡር ሐዲድ አይመስልሽም? የድሬ ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል፤ እኔ ግን ዚፕ ሳይ ባቡር ይመጣል ብዬ ነው የምጠብቀው።

አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅሽ። ጀርመናዊው ያን ፎርማን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በየከተማው የተሸራረፈ ግንብ ቀዳዳ ውስጥ ሌጎ በሚባለው ቀለማም የልጆች መጫወቻ ጡብ ጥገና ያደርጋል። ስታዪው እጅሽን ይበላሻል፤ ሐረርም ቀዳዳ ያለው ግንብ አልጠፋም። የጁገልን ግንብ ግን እንዳትነኪ! አሚር ኑር ያሠሩት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ነው። የአክስትሽ የግቢ አጥር ግን ማንም አልመዘገበውም፤ እሷን ካስፈቀድሽ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ጥቅጥቅ አድርገሽ ድፈኚው።

ወንድምሽንም እንዳትረሺው። ኦስትሪያዊው ኤርቪን ቩርም ሰዎችን ከባልዲ፣ ከወንበር፣ ከብርቱካን ጋር ለአንድ ደቂቃ ያቆማቸዋል፤ ያ ሰው ለአንድ ደቂቃ ሐውልት ይሆናል። ዛሬ ማታ ወንድምሽን ፕላስቲክ ወንበር ተሸክሞ፣ በብብቱ ሙዝ ይዞ አንድ ደቂቃ ሳይስቅ እንዲቆም አድርጊውና ፎቶ አንሺው። ከዚያ በኋላ ማን በማን እንደሚቀልድ እናያለን።

ጥያቄ፦ ስማ አንተ የከዚራው፣ ሳቢያን የበርና የመስኮት ብየዳ ቤት አለኝ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከባጃጅና ከአይሱዙ ውዳቂ እንስሳ እሠራለሁ፤ ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ የተገኘውን። እስካሁን ስድስት ሆነዋል፤ ፎቶ ልኬልሃለሁ። ሚስቴ "ግቢውን ቁራሌው ረስቶት የሄደ አስመሰልከው" ትላለች። አንድ የሆቴል ባለቤት ግመሏን ወርቃማ ቀለም ቀብቼ ካመጣሁለት 8 ሺህ ብር እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። አራት ቀን ነው የፈጀችብኝ። ልቀባት? ዋጋውስ እንዴት ነው?
ባለ ብየዳው፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ አቦ፣ እንዳትቀባት! ፎቶዎቹን አስፍቼ አየኋቸው። ከስድስቱ ሁለቱ ጥሩ ናቸው፤ አራቱ ብረት ናቸው። እንዳትቀየመኝ፣ ስድስት ሠርቶ ሁለት የተሳካለት ሰው ዕድለኛ ነው፤ እኔ ከሠራሁት ታፔላ እንዲህ ያለ ድርሻ አይወጣልኝም።

ግመሏ ለምን እንዳማረች ታውቃለህ? ባሌስትራው ድሮም ጎባጣ ነው፤ አንተ ጀርባ አደረግኸው እንጂ አላጎበጥከውም። ከዚያ በላይ ደግሞ ባሌስትራ መኪና ሥር ሆኖ ጭነት የሚሸከም ነው፤ ግመልም እንደዚያው። ብረቱ ሥራውን አልለቀቀም፣ ቦታ ነው የቀየረው። አንገቷን ከሞላ ስለሠራህ ልጅ ሲነካት ትነቀንቃለች ብለሃል፤ እዚያ ላይ እኔ በሳቅ ሞቻለሁ። የካቴና ጋማ ያለው አንበሳም ደህና ነው፤ ዘይቱ ሳይጠረግ መቅረቱ ጭራሽ ያገሳ አስመስሎታል። አህያውን ግን ላሜራ አልብሰህ፣ ፈጭተህ፣ ስቱኮ መትተህ አለሳልሰኸዋል። ከምን እንደተሠራ አይታወቅም፤ የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ ከፋብሪካ ወጣ ብትለኝስ ምን ልመልስልህ ነው? ጥያቄውን አጥፍተህ መልሱን ብቻ አቆምከው። ወርቃማ ቀለምም ግመሏ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ኩሽኔታው ኩሽኔታ መሆኑ ካልታየ ቁርጭምጭሚት መሆኑ ማንን ያስገርማል?

ሞዛምቢክ ውስጥ የሆነውን ልንገርህ። የእርስ በርስ ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲያበቃ አገሩ በመሣሪያ ተሞልቶ ነበር። ከ1995 ጀምሮ አብያተ ክርስቲያናቱ ጠመንጃ ላመጣ ሰው መቆፈሪያ፣ ብስክሌት ወይም የልብስ ስፌት መኪና በለውጥ ይሰጡ ጀመር (የመኪና ግርግሯ ይህን ትስማ)። የተሰበሰበው መሣሪያ እየተቆራረጠ ለሠዓሊዎች ደረሰ። ጎንሳሎ ማቡንዳ የሚባለው ከዚያ ብረት ዙፋን ይሠራል። የክላሽ አፈሙዝ ክላሽነቱ በግልጽ ይታያል፤ መቀመጫ ነው፣ ግን ተቀመጥ ቢሉህ ትፈራለህ። ያንን ዙፋን ወርቃማ ቢቀባው የሠርግ ወንበር ይሆን ነበር።

ስለ ዝገት የምትፈራ ከሆነ በሽቦ ቡሩሽ ጠርገህ፣ በቤንዚን አጥበህ፣ ሲደርቅ ክሊር ቫርኒሽ ሁለት እጅ ስጣት። የተቃጠለ ዘይት እንዳትቀባት፤ የሆቴሉ እንግዳ ነጭ ሱሪ ለብሶ ሲደገፍባት ጣጣው ላንተ ይተርፋል። የእግሯን ብየዳ ደግመህ እየው፤ በሦስተኛው ፎቶ የኋላ ግራ እግሯ ላይ ቀዳዳ ያለ ይመስለኛል። አንገቷ ስለሚነቀነቅ ክብደቷ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ልጅ ላይ እንዳትወድቅ ከሥር ጠፍጣፋ ብረት ላይ እሰራት።

ዋጋውን እንዲህ አስበው። ውዳቂውን በኪሎ ስንት ትሸጠው ነበር? ኤሌክትሮድና ዲስክ ስንት በላ? በአራት ቀን ስንት መስኮት ታወጣ ነበር? ይህ ወለሉ ነው፤ ከዚህ በታች ለወንድምህም አትስጥ። ከዚያ በላይ ያለው የዓይንህ ዋጋ ነው፤ ባሌስትራ ተጥሎ አይቶ ግመል ያለ ሰው ሳቢያን ውስጥ ስንት አለ? እኔ ብሆን ባለ ሆቴሉን "ሳትቀባ 8 ሺህ፣ ከተቀባች 20 ሺህ" እለዋለሁ። የአሥራ ሁለት ሺው ልዩነት የቀለም ሳይሆን የኀዘኔ ነው። ወርቅ ካማረው የሆቴሉን በር ወርቅ ቀባለት፤ በርም ሥራህ አይደል። ስትሸጥ ሆዷ ሥር ስምህንና ዓመተ ምሕረቱን በብየዳ ጻፍ፤ የሚያየው ልጅ ብቻ ነው፣ እሱ ይበቃል።

ለሚስትህ ደግሞ አራቱን ፈትተህ ቦታ ልቀቅላት። ብረቱ የትም አይሄድም፤ አህያው ራሱ ውስጡ ሁለት ጥሩ ፍየሎች አሉት።

ጥያቄ፦ አንተ ወንድሜ፣ ባለቤቴ ከዱባይ ሲመለስ ሦስት ረጃጅም እግር ያለው፣ ሸረሪት የመሰለ የብር ዕቃ አመጣልኝ። የሎሚ መጭመቂያ ነው አለኝ። ሎሚውን አናቱ ላይ ስጨምቅ ፍሬው ከነጭማቂው ብርጭቆ ውስጥ ይገባል፣ ግማሹ በእግሩ ወርዶ ጠረጴዛዬን ያጣብቃል። እሱ "ዲዛይን ነው፣ አይገባሽም" ይላል። እስቲ ፍረደን።
ሎሚ ያስመረራት፣ ከለገሃሬ

መልስ፦ እህቴ፣ የአንቺ ተመሳስሎ የተሠራ ይመስለኛል፤ ዋናውን የነደፈው ፈረንሳዊው ፊሊፕ ስታርክ ነው። የጣልያኑ ዕቃ አምራች አሌሲ እ.ኤ.አ. በ1990 ገበያ ላይ አወጣው። 29 ሳንቲ ሜትር የሚቆም አሉሚኒየም ነው። ስታርክ ጣልያን ውስጥ ምግብ ቤት ተቀምጦ፣ ሎሚ የተጨመቀበት የባሕር ምግብ እየበላ ጠረጴዛው ላይ በነበረው ወረቀት ላይ ነው የሞነጫጨረው። ማጥለያ ዋናውም የለውም። ጭራሽ በአሥረኛ ዓመቱ በወርቅ የተለበጠ አወጡ፤ እሱን ደግሞ ሎሚ እንዳይነካው ተባለ፣ የሎሚው አሲድ ወርቁን ይበላዋልና። ሎሚ የሚፈራ የሎሚ መጭመቂያ!

ባልሽ ግማሽ ልክ ነው። ስታርክ ዕቃው ሎሚ ከመጭመቅ ይልቅ ወሬ ለማስጀመር የተሠራ ነው ማለቱ ይነገራል፤ አንቺም ሳታውቂው ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈሽልኛል። እኔ ግን አልወደውም። ዣክ ካሬልማን የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1969 አፏና እጀታዋ በአንድ ወገን የሆነ የቡና ማንቆርቆሪያ ነድፏል፤ ስትቀጂ የሚቃጠለው የገዛ እጅሽ ነው። እሷን እወዳታለሁ፤ እንደማትሠራ ገና ስታዪያት ትነግርሻለች፤ ጀበና ይዞ ያደገ ሰው ደግሞ ከማንም በፊት ይስቅባታል። አቴንስ ያለችው አርክቴክት ካተሪና ካምፕራኒም እንዲሁ ሆን ብላ የማይመቹ ዕቃዎችን ትነድፋለች፤ እጀታው ሰንሰለት የሆነ ሹካ፣ ውኃውን ወደ ራሱ የሚመልስ የአበባ ማጠጫ። እነዚህ አያታልሉሽም። ያንቺ ሸረሪት ግን "ሎሚ እጨምቃለሁ" ብሎ ቃል ገብቶ ጠረጴዛ ያጣብቃል፤ ልክ እንደ እኔ ታፔላ "ሰ" ነኝ ብሎ መቀስ የሆነ ነው።

ሎሚውን በመዳፍሽ ጠረጴዛ ላይ ጫን እያልሽ አንከባሊው፣ ግማሽ ላይ ቁረጪውና በሻይ ማጥለያ ላይ በእጅሽ ጭመቂው። ሸረሪቱን አጥበሽ ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቁሚው። የጠረጴዛውን መወልወያ ጨርቅ ደግሞ ለባልሽ ስጪው፤ ዲዛይኑ የገባው እሱ ነው።